አንድ ጣት ሲቀራት

ጠጋኙ ተሳስቶ አያውቅም፤ ቢያንስ እሱ እንደሚያወራው ከሆነ። የጠገነው ራዲዮ ሳምንት ሳይሞላው ዝም ብሎ ሲመለስበት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና ክዳኑን ከፍቶ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ያየዋል። ከዚያ «ሰው ነክቶታል» ይላል። ባለቤቱ ማንም እንዳልነካው ቢምል ቢገዘት ወይ ፍንክች። «እንግዲያው ልጆች ናቸው» ይለዋል። ልጅ የሌለው ደንበኛ ሲገጥመው ደግሞ ጎረቤቱን እንዲጠረጥር አድርጎ ይሸኘዋል። የወደቡ ሰው ይህን አመሉን ስለሚያውቅ ይስቅበታል እንጂ አይቀየመውም፤ በሁለተኛው ጊዜ አሳምሮ ነውና የሚሠራው።

ሱቁ ከወደቡ መግቢያ አጠገብ፣ ፎቅ በሚያወጣ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ክፍል ናት። ደንበኛ ሲገባ እሱ ብድግ ማለት አለበት፤ ሁለተኛ ደንበኛ ከመጣ የመጀመሪያው ይወጣል። ሰው ደረጃውን በወጣና በወረደ ቁጥር አቧራ ጠረጴዛው ላይ ይራገፋል። እሱም የተከፈተ ዕቃ ሁሉ በጋዜጣ እየሸፈነ፣ መበየጃውን በአንድ እጁ፣ ጋዜጣውን በሌላው እጁ ይዞ ይውላል። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል፤ ሚስት አላገባም። ለምን ብለው ሲጠይቁት ቦታ የለም ይላል።

ያደገው በታላቅ እህቱ ቤት ነው። እናትና አባታቸው ገና ነፍስ ሳያውቅ ስለሞቱ፣ እህቱ ስታገባ እሱን እንደ ጓዟ ይዛው ሄደች ብለው ይቀልዱበታል። ባሏ ካፒቴኑ፣ ከወደቡ ወደ ማዶው ደሴት ሰውና ዕቃ የምታመላልስ ጀልባ ያላቸው፣ ቁጥብ፣ ቃላቸው ጥቂት ሰው ናቸው። አንድ ቀን ያ የሚስታቸው ወንድም የቤቱን ብቸኛ ራዲዮ ፈታትቶ ወለሉ ላይ ዘርግቶት ቢያገኙት፣ ሌላው ቀበቶ በሚፈታበት ሰዓት እሳቸው ወጥተው ካቻቢቴ ገዝተውለት መጡ። «በቢላዋ ከምትፈታው በዚህ ፍታው» አሉት። ጠጋኙ ጠጋኝ የሆነው ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። ካፒቴኑን «ጋሼ» ሲል አባቴ ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ታዲያ ካፒቴኑ ከዓመት በፊት፣ ትልልቆቹ ጀልባዎች ጉም ቢወርድም በስክሪን እያዩ እንደሚሄዱ በቅናት ሲያወሩ፣ ጠጋኙ «እኔ እሠራልዎታለሁ» አለ። አፉን ሞልቶ ነው ያለው። የመጫወቻ ካርታ የምታክል፣ ሙሉ ኮምፒውተር የሆነች አንዲት ቦርድ ነበረችው። በላይዋ ላይ የባሕር መንገድ የሚያሳየውን ፕሮግራም ጫነባት፤ ከተዘጋ ቢሮ የወጣ አሮጌ ስክሪን አገናኘላት፤ ጀልባዋ የት እንዳለች ከሰማይ የምታነብ ጂፒኤስ ጣሪያው ላይ አጣበቀ። ባሕሩ በሰማያዊ፣ ዐለቱ በቡናማ፣ ጀልባዋ በአንዲት አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ስክሪኑ ላይ ተሣሉ። የባሕረ ሰላጤውን ካርታ ብቻ መጫን ሲበቃው፣ ለጋሼ ምን ይሳሳል ብሎ የዓለምን ባሕር ሁሉ ጫነላቸው። ከደሴቱ አልፋ ለማታውቅ ጀልባ የዋልታው በረዶ ሳይቀር ተገኘላት።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ከባትሪው እስከ መሪው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚወስድ ወፍራም ሽቦ በእጁ አልነበረም። ካፒቴኑ ደግሞ እንደ ሕፃን ቸኩለዋል። ከሱቁ ጥግ የበር ደወል ሽቦ አገኘና ለጊዜው ብሎ ዘረጋው፤ በኋላ እቀይረዋለሁ አለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ከቤት ምሰሶ የበለጠ ዕድሜ እንዳለው እሱም ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን።

ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ጠጋኙ በደሴቱ የሚገኘውን የትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ ሊሠራ ተሳፈረ። ከካፒቴኑ ጀርባ ቆሞ የእጁን ሥራ በኩራት ሲመለከት ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ጀልባዋ ማዕበል የሚከለክለውን ግንብ ካለፈች ቆይታለች፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ጀልባ ግን ገና ግንቡ ጋ ናት። መጀመሪያ የተሳሳተ መሰለው። በመንገዳቸው ላይ በመካከላቸው ከሚታለፉት መንታ ዐለቶች ጋ ሲደርሱም ያው ሆነ፤ ዐለቶቹ በቀኝና በግራ አግጥጠው እየታዩ ሥዕሏ ከኋላ ትንፏቀቃለች። ካፒቴኑ መሪውን አዙረው በመካከሉ ሹልክ አሉ። ጠጋኙ ላብ በላብ ሆነ። መቼም አላስተዋሉም ብሎ ራሱን አጽናና። ማሽኔ ሰነፍ ናት ብሎ ግን እንዴት አድርጎ ይንገራቸው?

በማግስቱ ካፒቴኑ የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ እንደወጡ አይቶ፣ ቴስተሩንና መፍቻውን ይዞ ብቻውን ጀልባዋ ላይ ወጣ። ቦርዷ ስትግል ፍጥነቷን እንደምትቀንስ ስለሚያውቅ መጀመሪያ በጣቱ ዳሰሳት፤ ለብ ከማለት በቀር አላቃጠለችውም። ሚሞሪዋን አውጥቶ በሌላ ቀየረ፤ ያው ነው። የዓለምን ባሕር አንድ በአንድ እየደመሰሰ የአገሩን ብቻ ሲያስቀር ትንሽ ቀለል አላት። ካርታው ሲሳብ እየተንቀራፈፈ መምጣቱን ግን አልተወም። ሞተሩን አስነሥቶ መብራቶቹን ሲያበራ በስክሪኑ ጥግ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ብላ ጠፋች። ያችን ምልክት ያውቃታል። ኤሌክትሪክ አነሰኝ ማለቷ ነው፤ ሲያንሳት ደግሞ ምሳ እንዳልበላ ሠራተኛ እጇን ትሰበስባለች። ቴስተሩን ባትሪው ላይ ቢያደርግ ሙሉ ነው፤ ቦርዷ አፍ ላይ ቢያደርግ ጎድሏል። በመካከላቸው ያለው የበር ደወል ሽቦ ነው።

ያን ሽቦ ሲስበው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ባዶ ጀልባ ላይ ማን አይቶት እንደሚያፍር እሱ ይወቅ። ሱቁ ሄዶ ወፍራም ሽቦና መበየጃ ይዞ መጣና ዘረጋው፣ አሠረው፣ በየደው። ማዕበሉ ጀልባዋን ወዝወዝ ሲያደርጋት አረንጓዴዋም አብራ ተወዘወዘች። አሮጌውን ሽቦ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። እነግራቸዋለሁ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ምን ብዬ አለ። ዓመት ሙሉ በበር ደወል ሽቦ ሰደድኩዎት ይበል? ያላወቁትን ጉድለት ሳያውቁት ከሞላሁት ምን ጎዳኋቸው ብሎ፣ እያፏጨ ወደ ሱቁ ተመለሰ። የሠራውን ደብቆ የማያውቅ ሰው ያን ቀን መልካም ሥራ ደበቀ።

በዚያው ሳምንት ጉም ወረደ፤ እጅን ዘርግቶ ጣትን የማያሳይ ጉም። ካፒቴኑ ጠዋት ስክሪናቸውን እያዩ ወጡና መንታ ዐለቶቹ ጋ ሲደርሱ ጀልባዋ በቀኝ በኩል ካለው ዐለት ጋር ተላተመች። ነፍስ አልጠፋም፤ ሳይደግስ አይጣላም። የጭነቱን እኩሌታ ግን ውሃ በላው፤ የጀልባዋ አፍንጫ ተሰነጠቀ፤ ረዳቱም ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ሁለት የፊት ጥርሱን አጣ። ረዳቱ ለሁሉም ነገር ስለሚስቅ ሳቂታው የሚባል ጎልማሳ ነው።

ጠጋኙ እየሮጠ ወደቡ ሲደርስ ካፒቴኑ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ጀልባዋን ጎትተው አምጥተዋታል። «የዞርኩት ሁልጊዜ የምዞርበት ላይ ነው» አሉ። እውነቱን እንናገርና ጠጋኙ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ማሽኑ ነው። ሽቦው እንደታሠረ ነው፤ አረንጓዴዋ ምልክት ጀልባዋ በቆመችበት ላይ ቆማለች። እፎይ አለና ወጥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ማሽኑ ልክ ነው ብሎ ለተሰበሰበው ሰው ተናገረ። እህቱም እዚያው ቆማ ሰማችው።

አናጢዎቹ የጀልባዋን አፍንጫ ሲሠሩ ሳቂታው ሱቁ ድረስ መጥቶ ደረጃው ሥር ተጎነበሰ። ወሬውን ሲጀምር የሚያፏጭ ድምፅ በጥርሱ ክፍተት እየወጣ ራሱን ያስቀው ነበር።

«ያ ማሽንህ እኮ ድሮም ሰነፍ ነበር። ጋሼ ግን ዘዴ አበጅተውለታል። ሥዕሏ ዐለቱ ጋ ልትደርስ አንድ ጣት ሲቀራት ያዞራሉ፤ እውነተኛዋ ጀልባ ያኔ ደርሳለቻ! ያን ቀንም እንደ ወትሮው አንድ ጣት ሲቀራት ነው ያዞሩት። አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ምን እንደነካቸው እንጃ።»

ጠጋኙ መበየጃውን አስቀመጠ። ለምን እንዳልነገሩት ጠየቀ።

«ጋሼ ከለከሉኛ። ልጁ ለፍቶ ነው የሠራው፣ ቅር ይለዋል አሉ።»

ሳቂታው ከወጣ በኋላ ጠጋኙ ጋዜጣውን ራዲዮው ላይ ሸፍኖ ተቀመጠ። ነገሩ ግልጽ ነው። ሥዕሏ ሽቦውን ከቀየረ ወዲህ አትዘገይም፤ አንድ ጣት ሲቀራት ጀልባዋም በእውነት አንድ ጣት ቀርቷታል፤ ጋሼ ቀድመው ያዞሩት ለዚህ ነው። ያንን የሚያውቅ ከእሱ በቀር በዓለም ላይ ማንም የለም። ካፒቴኑ የማሽኑን ስንፍና ደብቀውለት ተላመዱት፤ እሱ ያንኑ ስንፍና ደብቆ ጠገነው። ዐለቱ ላይ የወሰዳቸው እሱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ግን መድኃኒቱን ነው የደበቀው፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያለ ይነሣል። እህቱ ቤት ሲደርስ ግን የቀረበለትን በልቶ፣ አምፖል ቀይሮ ይመለሳል። ሱቁ ውስጥም ሽቦ አሳስቶ ያስራል። አንዲት ሴትዮ የጠገነላት ራዲዮ አልሠራ ብሏት ስትመልሰው «ሰው…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሴትዮዋ የተለመደውን መልስ ስታጣ ደነገጠች፤ ታመመ እንዴ ብላ ለሰፈሩ አወራች።

ካፒቴኑ ወደ ዓይን ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ ዓይንዎ ለዕድሜዎ ደኅና ነው ቢላቸው ደስ ይላቸዋል ተብሎ ነበር። እሳቸው ግን ዓይኔ ደኅና ከሆነ የሄደው ጭንቅላቴ ነው ብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ መሪ አልነኩም። ሻይ ይቅዱ ሲባሉ ብርጭቆው እንዳይፈስ ይሰጋሉ፤ በር ቆልፈው ተመልሰው ያዩታል። እህቱ ደግሞ መንገድ ሊሻገሩ ሲሉ እጃቸውን ትይዛለች። በግራ በኩል መኪና አለ፣ በቀኝ በኩል መኪና አለ እያለች። ዕድሜ ልካቸውን ማዕበል የተሻገሩት ሰውዬ፣ ሁለት መኪና በማያልፍበት መንገድ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይከተሏታል።

የከፋው ይህ አይደለም። የከፋው ጠያቂ በመጣ ቁጥር እህቱ የምትለው ነው። ማሽኑ ወንድሜ የሠራው ነው፣ እሱ ልክ ነበር፤ የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው፤ ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው ትላለች። ወንድሟን ከሐሜት ለማዳን ነው የምትለው። ጠጋኙ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን ሥራ አላት። ማሽኑ ልክ እስከሆነ ድረስ ሰውየው አብደዋል ማለት ነው፤ ማሽኑ ልክ ነው ያለውም ራሱ ነው።

ጀልባዋ ተሠርታ ውሃ ላይ በወረደች ሰሞን ካፒቴኑ ሱቁ መጡ። ለመግባት ጎንበስ ሲሉ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ያዙ። ከነገ ጀምሮ ጀልባዋን ሳቂታው እንዲነዳት መወሰናቸውን ነገሩት፤ አንድ ቀን ሰው ገድዬ ከምቀር አሉ። ከእሱ የሚፈልጉት ስለ ማሽኑ ለሳቂታው አሳምሮ እንዲያስረዳው ነው። እሺ አለ። እሺ ከማለት ሌላ ቋንቋ የጠፋው መሰለ።

ሦስቱም ጀልባዋ ላይ ወጡ። ሳቂታው ከመሪው ኋላ ቆመ፤ ጠጋኙ ከጎኑ። ካፒቴኑ ግን መሪው ክፍል አልገቡም፤ በሩ አጠገብ ካለው የተሳፋሪ አግዳሚ ላይ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጠጋኙ ማሽኑን አበራው። ካርታው እንዴት እንደሚቀርብና እንደሚርቅ፣ ጥልቀቱ የት እንደሚነበብ አሳየ። መንታ ዐለቶቹ ላይ ሲደርስ ሳቂታው ጣቱን ስክሪኑ ላይ ጋደም አደረገና፣ እዚህ ጋ አንድ ጣት ሲቀራት ነው አይደል የማዞረው ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ አንድ ጣት ሲቀራት» አሉ ካፒቴኑ ከአግዳሚው ላይ። «የዚያን ቀንም በእሷ አልተሳሳትኩም ነበር።»

ጠጋኙ የሳቂታውን ጣት አየ። ዝም ካለ ሳቂታው ነገ ሰው ጭኖ ያንኑ ዐለት ይመታዋል። አይደለም ካለ ጋሼ ይሰማሉ። ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ሰበብ ሲያመርት የኖረ ጭንቅላቱ አንድ ሰበብ እንኳ ነፈገው። ሳቂታው ጣቱን ሳያነሣ ይጠብቃል።

«አይደለም» አለ ጠጋኙ። «ልክ ስትደርስ ነው የምታዞረው። አሁን አትዘገይም።»

«አሁን?» አሉ ካፒቴኑ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ጉሙ ከመውረዱ በፊት። እርስዎ ዘመድ ሊጠይቁ የሄዱ ዕለት መጥቼ ሽቦውን ቀየርኩት። ድሮ የዘረጋሁት የበር ደወል ሽቦ ነበር፤ እሱ ነው ሲያዘገያት የነበረው። አፈርኩና ሳልነግርዎ ቀረሁ። ያን ቀን እርስዎ አልተሳሳቱም፣ ጋሼ። ምንም አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ።»

ሳቂታው ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ።

ጠጋኙ ካፒቴኑ ቢሰድቡት ይወድ ነበር፤ ቢመቱትም ይወድ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን ያያሉ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ዐለቱስ ዐለት ነው፤ ማንም ይመታዋል። እኔም የማሽንህን መዘግየት ብነግርህ ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር፤ የኔም ጥፋት አለበት። ግን እህትህ እጄን ይዛ መንገድ ስታሻግረኝ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

የጠጋኙ እንባ መጣ፤ በእጅጌው ጠረገው። ካፒቴኑ ተነሥተው ግድግዳውን ሳይዙ ወደ ምድር ወረዱ፤ ዘወር ብለውም «ና» አሉት። እሳቸው ፊት፣ እሱ ኋላ፣ በዓሣ ሻጮቹና በገመድ ክምሩ መካከል አልፈው ወደ መንገዱ ወጡ።

እህቱ እንደ ልማዷ ከመንገዱ ማዶ ተሻግራ ዳር ላይ እየጠበቀች ነበር። ባሏን ስታይ ፈጠን ብላ መጥታ እጃቸውን ያዘች። እሳቸውም አልከለከሏትም። ፊታቸውን ወደ ጠጋኙ አዞሩና «ንገራት» አሉት።

ነገራት። ሰው ይሰማል አይሰማም ሳይል፣ ከደወሉ ሽቦ ጀምሮ ማሽኑ ልክ ነው ብሎ እስከተናገረባት ቀን ድረስ፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። እህቱ ገርጥታ ሰማችው። አልጮኸችም፤ አልረገመችውም።

«ለሁሉም ነግሬአለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ማሽኑ ልክ ነው፣ ሰውየው ናቸው ብዬ። ጎረቤት ነግሬአለሁ፣ ገበያ ነግሬአለሁ፣ ሌላ አገር ላሉት ልጆቻችን በስልክ ነግሬአለሁ። አሁን ለማን ለማን እንደነገርኩ እንኳ አላውቀውም።»

የባሏን እጅ ይዛ እንደነበረ ያኔ ትዝ አላት። እንደሚያቃጥል ነገር ለቀቀችው። ካፒቴኑ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ መንገዱን ብቻቸውን ተሻገሩ፤ ማዶ ሲደርሱም ዞር ብለው አላዩም። እህትና ወንድም መንገዱ ዳር ቆመው ቀሩ፤ ቀድሞ ለመሻገር አንዳቸውም አልደፈሩም።